ሙሽራ የሌለችበት የሰርግ ፊልም

ይህን ስታነቡ ሻያችሁ ቢቀዘቅዝ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ ወሬው ያዋጣል። ሰርግ አለበት፣ ጠብ የሚመስል ነገር አለበት፣ ትንሽ ትምህርትም አለበት። ትምህርቱን ላስቀድም፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አውሮፓ ውስጥ ጥቂት ሰዓሊዎች «ፊልም የግድ ሰውና ታሪክ ይኑረው ያለው ማነው?» ብለው ተነሱ። ካሬና ክብ በሙዚቃ ምት አስጨፈሩ። ከእነሱ በኋላ የመጡትማ ካሜራውንም ትተው የፊልሙን ጥቅል በመርፌ ይጭሩት፣ በቀለም ይቀቡት ጀመር። አቫንጋርድ ይባላሉ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ እየተሽከረከረ ከች የሚለው ማስታወቂያ ሳይቀር የእነሱ የልጅ ልጅ ነው፤ ሞሽን ግራፊክስ የምንለው። ልዩነቱ፣ የልጅ ልጁ ዕቃ ይሸጣል። እኔ ደግሞ እንደ አያቶቹ ምንም ሳይሸጥ፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ራሱን ችሎ ይታይ ባይ ነኝ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ኢንተርኔት ነው፤ ሲቋረጥ ደግሞ ትዕግሥት ያስተምራል።

እንግዲህ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ያሉት ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ልጃቸውን ሰላምን ሲድሩ፣ የሰርጉን ቪዲዮ መክፈቻ እንድሠራ ፈቀዱልኝ። የሚጠበቀው ይታወቃል፤ ወርቃማ ጽጌረዳ፣ ሁለት ርግብ፣ መሃል ላይ የሚያብለጨልጭ የሙሽሮች ስም። እኔ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ነጥቦችን በከበሮ ምት ክብ እያዞርኩ የትግራይን ጓይላ አስጨፈርኳቸው። ስም የለ፣ ርግብ የለ። የመጀመሪያ ፊልሜ! አደይ ካልወደዱት ግን ቪዲዮ አንሺው ቆርጦ ይጥለውና ርግቦቹን ይተካል። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

ከሰርጉ በኋላ ቤተሰቡ ሊያይ ተሰበሰበ። ሙሽራው የወሎ ልጅ ነውና ለአማቾች ሲባል ሳሎኑ በአማርኛ ነው የሚያወራው። ነጥቦቹ ዞሩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሙሽራዋስ?» አሉ አደይ።

ስለ ረቂቅ ጥበብ ማብራራት ስጀምር የሰላም አጎት አቋረጡኝ።

«ይቺ ከሁሉ ኋላ የምትጎተተው ናታ! በገዛ ሰርጓ አርፍዳ የለ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! ትልቁን ነጥብ ሁለት ሽማግሌዎች «እኔ ነኝ» እያሉ ተሻሙት። የሙሽራው እናት ደግሞ፦

«የእኛ ወገንስ የታለ? ወሎ አይጨፍርም?»

«እነዚያ የሚንቀጠቀጡት ናቸዋ፣ እማማ! እስክስታ ይዘው የገቡት» አላቸው አንድ ልጅ ከኋላ።

«ኧረ ማንም አይደሉም፤ ነጥብ ናቸው!» አልኩ። ማን ሰምቶኝ።

የአደይ ታናሽ እህት ትርሓስ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እስቲ መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። ከክቡ ውጭ ብቻዋን የምትዞር ትንሽ ነጥብ አለች፤ ስክሪኑ ወደ ግራ ያዘነበለ ቢመስለኝ ለሚዛን ያስገባኋት። ትርሓስ ጣቷን ጫነችባት።

«ይቺ እኔ ነኝ። የሰርጉ ዕለት ከድስት ድስት ስዞር ዋልኩ፤ ጭፈራውን በጆሮዬ ነው ያየሁት። ያ ካሜራ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላነሳኝም። እዚህ ግን አለሁ። እንዴት ዐወቅሽ?»

ስለ ሚዛን የምለው ብዙ ነበረኝ። ዋጥኩት።

አደይ እህታቸውን አዩ፤ ነጥቧን አዩ።

«አይቆረጥም» አሉ። «ርግቦቹ ይቅሩ።»

ረቂቅ ጥበብ ማንንም አይመስልም የሚለውን ትምህርቴን ለሌላ ሰፈር አቆይቼዋለሁ።

እናንተም ሞክሩት። ነፃ የስልክ መተግበሪያ ሞልቷል፤ ጥቁር ስክሪን፣ ጥቂት ነጥብና የምትወዱት ከበሮ ይበቃል። ሲያልቅ ዘመድ ሰብስባችሁ አሳዩና እንደምንም ብላችሁ አፋችሁን ያዙ። ከባዱ ሥራ እሱ ነው።