ለወጣቶች የተሠራው ቤት ቁልፍ

«መቼ ነው ራስህን የምትችለው?» የሚለውን ጥያቄ የፈለሰፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የራሱ ቤት የነበረው ሰው ለመሆኑ ግን እምላለሁ። ቤት የሌለው ሰው ጓደኛውን የሚጠይቀው «ኪራይ ጨመሩብህ ወይ?» ብሎ ነው። እኛ ጎልማሶች ያችን ጥያቄ እንወዳታለን። ወጣቱን በሠርግ እንጠይቀዋለን፣ በለቅሶ እንጠይቀዋለን፣ ምስማር ሊገዛ ሲመጣም እንጠይቀዋለን። መልሱን ቆመን የምንሰማ ግን ጥቂቶች ነን። እኔም አልሰማም ነበር፤ ዮናስ እስኪያስቆመኝ ድረስ።

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የሕንፃ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሲሚንቶ፣ ምስማር፣ እዚህ ማባቲ የምንለው የጣሪያ ቆርቆሮ። ስለዚህ በከተማው ማን ቤት እየሠራ እንደሆነና ማን እያለመ ብቻ እንደሚኖር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዮናስ ከሚያልሙት ወገን ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ሲሆን ሄሉ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ክፍሏን አይቻታለሁ፤ አልጋው ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ብትዘረጉ በሩን ትዘጋላችሁ። ሦስት ዓመት የወደዳት ብርቱካን በአንድ ክሊኒክ መድኃኒት ታድላለች። አስፋልቱ ከናይሮቢ በኩል ሞያሌ ከገባ ወዲህ ኪራዩ አንድ ጊዜ ሽቅብ ወጥቶ አልወርድ ብሏል፤ የሁለቱ ደመወዝ ቢደመር ወር ከወር ያደርሳል እንጂ ቤት አይሠራም።

አንድ ቀን ዮናስ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ ታደሰ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። የብርቱካን አባት ደምሴ ባለ ሆቴል ነው፤ አብሮ አደጌ ነው፤ ሲያገባም ሚዜው ነበርኩ። ሁለት ሰዎች አስከትዬ ሄድኩ። እንደ ወጉ «ተቀመጡ» ስንባል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ደምሴ እስከ መጨረሻው አዳመጠንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ልጄን የት ነው የሚያኖራት?»

ለዚህስ ተዘጋጅቼ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቤት ሠሪ ማኅበር፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ወጣቶች ብሎ፣ ከከተማው ዳር ቤቶች እየሠራ ነበር፤ ትንሽ ትንሽ እየተከፈለ በመጨረሻ የራስ የሚሆን። ዮናስ ሊመዘገብ ነው አልኩ። ደምሴ ፈገግ አለ። «ታዴ፣ ምዝገባ ላይ አይተኛም። ቁልፉን ያሳየኝና ልጄን ይውሰድ።»

በማግስቱ ዮናስን ይዤ ማኅበሩ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው ትሑት ልጅ ነው። ፎርሙን አገላብጦ «ባባ፣ ቤቱ የሚሰጠው ለባለትዳር ነው። የጋብቻ ወረቀት ያምጣ፤ ከዚያ በኋላ ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም» አለኝ።

አሁን ፍረዱኝ። አባትየው ቤት ከሌለህ ሚስት የለህም ይላል፤ ማኅበሩ ሚስት ከሌለህ ቤት የለህም ይላል። ወጣት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ገና ያላገባ ሰው መሆኑን ለእነዚህ ሰዎች የሚነግራቸው እንዴት ጠፋ? በሁለቱ መካከል ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ደምሴን «ወረቀቱን እናስፈርም፣ ሠርጉ ይቆይ» ብዬ ለመንኩት፤ ልጄ በወረቀት ብቻ አትዳርም አለ። «እሺ፣ ልሰጠው ተስማምቻለሁ ብለህ ጻፍልን» አልኩት፤ ቁልፍ ሳላይ አልጽፍም አለ።  

በዚያው ሳምንት ደምሴ ራሱ ሱቄ ብቅ አለ። የጋብቻ ወረቀቱ ጠፍቶበት፣ ማግባቱን የሚመሰክርለት ሰው ፈልጎ ነው። «ሚዜዬ አይደለህ?» አለኝ። ነኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ረዥም ነበር፤ ከፊቴ ደግሞ ቆርቆሮ የሚያስጭን ደንበኛ ይጣራል። ፈረምኩ። እኛ ዘንድ ወዳጅ ያመጣውን ወረቀት ማንበብ ወዳጅን መጠርጠር ነው፤ እናንተም ስንቱን እንዲሁ ፈርማችኋል። የዮናስ ጉዳይ እንደተንጠለጠለ የማኅበሩ የምዝገባ ቀን አለፈ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደምሴ አስጠራኝ። ፊቱ በርቷል። «ልጆቹን ልድራቸው ነው። የሚኖሩበት ተገኝቷል» ብሎ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። የማኅበሩ ቤት ቁልፍ ነው።

«የማን ቤት ነው?» አልኩት።

«የእኔ ነዋ። በደንቡ ተመዝግቤ ያገኘሁት። ባለትዳር ነኝ፤ አንተም ፈርመሃል።»

«አነስተኛ ገቢ የሚለውስ?»

«ሆቴሉ በወንድሜ ስም አይደል? ወረቀት ላይ እኔ ምን አለኝ?»

«ወጣት የሚለውስ፣ ደምሴ?»

«ፎርሙ ስለ ጋብቻ እንጂ ስለ ዕድሜ አይጠይቅም» አለኝ፤ ቀጥሎም፣ «ልጆቹ ኮዲ፣ ኪራይ፣ እየከፈሉ ይኖሩበታል። ከሌላ ተከራይ ቀንሼላቸዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ለመምህርና ለመድኃኒት አዳይ የተሠራን ቤት ወስዶ መልሶ ለእነሱ ማከራየት ምን ይባላል? ጮህኩበት። ደምሴ ከልቡ አዘነ። «ልጄን ሰጠሁ፣ ቤት ሰጠሁ፣ አሁንም ተሰደብኩ» አለ። የሚያንገበግበው ደግሞ እሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። የዚያን የማኅበሩን ቤቶች ረድፍ ባለቤቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ የቆርቆሮ ደንበኞቼ ናቸው። ሁሉም ያገቡ፣ ሁሉም ከዚህ በፊት ቤት የሠሩ፣ ሁሉም አከራይ። ቆርቆሮውን የሸጥኩላቸው እኔ፣ ለአንዱ ደግሞ የፈረምኩለት እኔ። ስለዚህ ጩኸቴ ብዙ ርቀት አልሄደም።

ሠርጉ አማረ። ሙሽሮቹ ቤት ሲገቡ መርቅ ተባልኩ፤ ሽማግሌ ነኝና ተነሣሁ። «ቤታችሁን ይባርክ፤ በቤታችሁ ወልዳችሁ ሳሙ» እያልኩ ስቀጥል፣ ብርቱካን አንገቷን እንደደፋች ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ተከራይ ነን» አለችኝ።

የጀመርኩትን ምርቃት ማቋረጥ ነውር ነው። «ቤታችሁን ያስፋላችሁ» አልኩ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው ደምሴ ነበር።