ውሃዋን በሆዷ ይዛ የተኛችው እንቁራሪት

ፀሐይ ስትከር ፍጥረት ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። ዘዴ ያጣው የሰው ልጅ ብቻ ነው፤ ከሰውም ደግሞ ወንዱ። ይህን የምላችሁ ተምሬ አይደለም። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ የደረስኩት የሸሸ በግ ሳባርር ነው፤ እሱም ቢሆን በጉ ክፍል ገባ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ።

እኛ የጋፋት ዙሪያ ሰዎች ስለ ብርድ ከሆነ ጠይቁን። የጉና ተራራ ተነሥቶበት የተነፈሰብን ቀን፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው የሚለው «ይማርህ» አየር ላይ ረግቶ ይቀርና በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ቀልጦ ይሰማል። ሙቀት ላይ ግን እንግዳ ነን። መጋቢት ገብቶ ምንጩ የነጠፈ እንደሆነ ሥራ እንካፈላለን፤ ሴቶቹ ቁልቁለቱን ወርደው ከወንዝ ውሃ ይሸከማሉ፣ እኛ ወንዶቹ ወይራው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሙቀቱን እንሸከማለን። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱን ሙቀቱ ከብዶት እንቅልፍ ይጥለዋል።

በአገራችን ወንድ ልጅ የማይሸከመው የለም። እህል ይሸከማል፣ ግንድ ይሸከማል፣ በሽተኛ በቃሬዛ ይሸከማል፣ ቂምማ ከአያቱ ተቀብሎ ለልጅ ልጁ እስኪያወርስ ይሸከማል። ውሃ ግን አይሸከምም። ውሃ በጀርባው የታየበት ወንድ፣ እሱ ገበያ ሳይደርስ ወሬው ደርሶ ሸምቶ ይመለሳል። ለምን ነውር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ከሕግ ሁሉ የጸና ሕግ ነው።

ጎረቤቴ ቢያድግልኝ የዚህ ሕግ ጠበቃ ነበር። ቤቱን ውሃ ስታጠጣ የኖረችው አህያው ናት፤ እሷን ጅብ ራቱ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑ ከአህያዋ ጀርባ ወደ ሚስቱ ጀርባ ተሻገረ። ሚስቱ ጥሩዓለም የጉና ሥር ልጅ ናት፤ በአባቷ ደጅ በጋ ከክረምት ውሃ ይወርዳል። ወገቧን ይዛ ቻለች፣ ቻለች፤ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ግን አንድ ቀን ባዶውን ጀሪካን ባሏ እግር ሥር አስቀመጠችና «እስከ ፋሲካ ውሃው ደጄ ካልመጣ፣ እኔ ውሃው ወዳለበት እሄዳለሁ» አለችው። ድምጿን አላነሣችም። ድምጿን የማታነሣ ሴት ፍሩ።

ቢያድግልኝ ሚስቱን ይወዳታል፤ ይህን ለማማት እንኳ አልደፍርም። ስለሚወዳትም ለእሷ ሲል ተራራ ለመናድ ቆረጠ። ጀሪካን ማንሣት ግን በሐሳቡም አላለፈ። ዶማና አካፋ ይዞ ጓሮው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ጀመረ።

ያን ሰሞን ከከተማው ዩኒቨርሲቲ አንዲት መምህርት ወደ እኛ ብቅ ትል ነበር። የቆላ አገር ልጅ ናት። ሥራዋ ገበሎ ማባረር ነው፤ ያንን ድንጋይ ላይ ወጥቶ አንገቱን የሚነቀንቀውን እንሽላሊት። ደመወዝ እየተከፈላት። ገበሎውን ለቀም ታደርግና ቀጭን የሙቀት መለኪያ ታስጠጋበታለች።

«አንቺ መምህርት፣ ገበሎውን ምን አመመው?» አልኳት።

«ጤነኛ ነው ጋሼ። እሱ እንደ እኛ ሙቀት ከውስጡ አያወጣም፣ ከፀሐይ ነው የሚበደረው። ሲበርደው ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል፣ ሲበዛበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። አያልበውም። ቆዳው ቅርፊት ስለሆነ ውሃውን እንደ ልቡ አያስወጣበትም። ሽንቱ እንኳ እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ ውሃ አያባክንም።»

ገበሎውን ደህና አድርጌ አየሁት። ረፋድ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀትር ላይ ጥላ ይገባል፣ አያልበውም፣ ሰው ሲያይ አንገቱን ይነቀንቃል። የሚያውቁት ዘመድ ሲገጥም ልብ ይሞቃል። ጋቢ ብናለብሰው ኖሮ ወይራው ሥር ቦታ ይለቀቅለት ነበር።

ቢያድግልኝ ወገቡ ድረስ እንደቆፈረ ተጣራና ሄድን። ከደረቀው አፈር ውስጥ ድንች የመሰለ ነገር አውጥቷል፤ ድንቹ ዓይን አለው። ለካ እንቁራሪት ናት፤ ደረቅ ስስ ቆዳ እንደ ነጠላ ተከናንባ ተኝታለች። የወይራው ሥር ጉባኤ እንዳለ ግር ብሎ መጣ። እንቁራሪት ባለችበት ውሃ እንዳለ የማያውቅ ማን አለ? እኔም የማላውቀውን ሳረጋግጥ ድምፄ ስለሚያምር ከሁሉ በላይ ጮኼ አረጋገጥኩ።

መምህርቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። «ጋሼ ቢያድግልኝ፣ እዚህ የገባችው ውሃ ስላለ አይደለም፣ ስለጠፋ ነው። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ውሃ የምትጠጣውም በቆዳዋ፣ የምታጣውም በቆዳዋ ነው። ፀሐይ ላይ ብትውል እንደ ቋንጣ ትደርቃለች። ስለዚህ ዝናቡ ሳያልቅ የሽንት ፊኛዋን ውሃ ትሞላና ዝናብ ተመልሶ እስኪቀሰቅሳት ጠልቃ ትተኛለች።»

«እና ውሃው የት ነው?» አላት።

«እሷ ውስጥ።»

ሳቅን። ቢያድግልኝ ከእኛ ጋር እየሳቀ እንቁራሪቷን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ሲያሳይ፣ የደነገጠችው ፍጥረት የበጋ ስንቋን መዳፉ ላይ ለቀቀችው። እስከ ክርኑ ወረደ።

«ይኸው፣ ውሃ አለ» አለ።

ያ ጉድጓድ በጋውን ሙሉ የሰጠው ውሃ በጠቅላላ እሱ ነበር።

መምህርቷ እንቁራሪቷን ተቀብላ እርጥብ ጨርቅ ላይ በሆዷ አስተኛቻት፤ እስክትጠግብ ጠብቃም ከጥላ ሥር፣ የለሰለሰ አፈር ውስጥ መልሳ ቀበረቻት። ጨርቁ የራሰው ጥሩዓለም ጠዋት ከወንዝ ባመጣችው ውሃ ነው። ጥሩዓለም ቆማ ሁሉን አየች። «እሷስ ውሃ የሚያቀርብላት አገኘች» አለችና ባዶውን ጀሪካን አንሥታ ቁልቁለቱን ወረደች።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ቢያድግልኝ ቆፈረ። ላቡ እየተንጠባጠበ የጉድጓዱን ወለል ሲያረጥበው፣ እኛ ከላይ ሆነን እርጥበቱን እያየን «ደረስክ፣ ደረስክ» እንለዋለን። የደረሰው አለት ላይ ነው። ፋሲካም እዚያው አለቱ ላይ አገኘው። በዓሉ እንዳለፈ ጥሩዓለም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጉና ሄደች።

ሽማግሌ ተላከ፤ እኔም ሆድ በሳቅ እንዳራራ ተጨመርኩ። በአባቷ ደጅ ውሃው ዥው ይላል፤ እንደ ምስክር ነው የሚጮኸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉድጓዱን፣ የባሏን ላብ፣ የቆሰለ መዳፉን ሁሉ ዘርዝሮ ሲጨርስ፣ ጥሩዓለም እንዳቀረቀረች ተናገረች።

«አባቴ፣ አንቱን አላሳፍርም። ግን እኔ ጉድጓድ አልጠየቅኩም። ሰውየው ጀርባ አለው። ጀርባውን ያምጣ።»

በዕርቅ ላይ ቀሚስ ሲጠየቅ ሰምተናል፣ ጊደር ሲጠየቅ ሰምተናል፤ ጀርባ ሲጠየቅ ግን የሰማ አልነበረም። ከኋላችን የቆመው ቢያድግልኝ፣ ከውሃው ድምፅ ባነሰ ድምፅ፣ «እሺ» አለ። «ሰው ሳያይ።»

ጥሩዓለም ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች።

ከዚያ ወዲያ ቢያድግልኝ ኑሮው የእንቁራሪቷ ሆነ። እሷ ቆዳዋን ከፀሐይ ለማዳን በጨለማ ትወጣለች፤ እሱ ቆዳውን ከሰው ዓይን ለማዳን፣ ጎሕ ሳይቀድ በጋቢ ተከናንቦ ወንዝ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ዳር ሲደርስ በጨለማው ውስጥ የሚንቦጫረቅ ነገር ሰማ። አህያውን የበላው ጅብ መሰለው። ጅቡ ግን ሳለ። ሳሉን ያውቀዋል። ከወዲያ ማዶ ሌላ ሳል መለሰ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ከወይራው ሥር የማይጠፉት ወንዶች እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጀሪካን ይሞላሉ። እያንዳንዱ የጀመረው እሱ ብቻ መስሎት ነው። ማንም ለማንም «እንዴት አደርክ» አላለም። ሰላምታ የሚሰጠው ለታየ ሰው ነው።

ዛሬም ቀትር ሲሆን ወይራው ሥር እንሰበሰባለን። ወገባችንን እያሻሸን፣ ወንድ ልጅ ውሃ መሸከሙ ምን ያህል ነውር እንደሆነ በየተራ እናስረዳለን። ክረምት ገብቶ የቢያድግልኝ ጉድጓድ ጢም ሲል፣ እንቁራሪቶቹ ሲንጫጩበት ያድራሉ፤ እሱም መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ «ውሃ አለ ብዬ አልነበረም?» ይላል። ጥሩዓለም ሰምታ ታልፋለች። ጀርባዋ ቀና ብሏል።

በዚያ ጨለማ ማን ማን እንደነበረ በምን አወቅህ የምትሉ ብልጦች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የነገረኝ ሰው ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም። ይልቅ አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን ጎሕ ሳይቀድ በጀርባችሁ እንዳትሸከሙ። ውሃው አከርካሪ አከርካሪውን ይዞ ይወርዳል፤ ብርዱ የጉና ብርድ ነው። ጉንፋኑ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።