በስልክ የማይነገር ፓስወርድ

ሰው አንድ ነገር ጠይቆ ሲከለከል ያፍራል። ሁለተኛ ሲጠይቅ አንገቱን ይደፋል። ሦስተኛ ከጠየቀ ወይ እውነተኛ ችግር አለበት፣ ወይ የሚስት ዘመድ ነው። ኮምፒውተር ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አበው ደግ ጌታን ሲያሞግሱ "የነገሩትን የማይረሳ፣ የለመኑትን የማይነሳ" ይሉ የለ? የእኛ ቢሮ ኮምፒውተር የዚያ ጌታ ተገላቢጦሽ ነበር። ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት ይረሳል፣ የለመኑትን ይነሳል፣ እሱ ራሱ ግን ሲለምን ይውላል።

ነገሩ የሆነው ቆቦ ነው፤ ባጃጅ በከተማው መርመስመስ በጀመረበት ሰሞን። ቢሮው የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ባልደረቦቼ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ እኔም ሰላምታቸውን እፈልገዋለሁ። ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ የእቅድና ሪፖርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ነበር። ክፍሌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሙቀቱን ከማብረድ ይልቅ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው የሚያመላልስ ቬንትሌተር፣ እና ያ ኮምፒውተር ነበሩ። ኮምፒውተሩን ያሰናዳልን ሙሉጌታ የሚባል የክፍላችን ቴክኒሺያን ነው። ቫይረስ አስቸግሮን ስለነበር አዲስ ሲስተም ጫነበት። የኢሜይሉን፣ የኢንተርኔቱን፣ የምኑን የምኑን ፓስወርድ አንድ ቦታ አከማቸና፣ በሁሉም ላይ አንድ ትልቅ ፓስወርድ ቆለፈበት። ያንን ለጸሐፊያችን ለፈንታዬ በጆሮዋ ነግሯት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ምስጢር በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን አለበት የሚለውን ሐሳብ ያጸደቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በስብሰባ። በቃለ ጉባኤ።

ከዚያ መከራዬን ማየት ጀመርኩ። ኢሜይል ልክፈት ስል አንዲት ትንሽ መስኮት ከየት መጣች ሳይባል ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። "ይህ ፕሮግራም የተከማቹትን ፓስወርዶች ማየት ይፈልጋል፤ ይፈቅዳሉ?" በእንግሊዝኛ ነው የምትለው፤ ትርጉሙ ግን ይኸው ነው። አልፈቅድም እላታለሁ። ትጠፋና ተመልሳ ትመጣለች። እሺ እፈቅዳለሁ እላታለሁ። "እንግዲያው ፓስወርዱን ያስገቡ።" የማላውቀውን ከየት ላምጣ? ደግሞስ ካልፈቀዱልኝ በቀር ማለፍ ካልቻልኩ፣ የእኔ ፈቃድ ለምን ይጠየቃል? የሠርግ ቤት አስተናጋጅ እንኳ አንዴ ግባ ካለህ በኋላ በየጉርሻው የማን ወገን ነህ አይልህም። አንድ ቀን ብቆጥር ገና ሻይ ሳልጠጣ አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች።

"ፈንታዬ!" ብዬ እጣራለሁ። ፈንታዬ እዚሁ ቆቦ አጠገብ ያለችው የሮቢት ልጅ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ ሰው ተጨንቆ ካየች "አብሽር" ማለት የምትወድ። "አብሽሩ ጋሼ፤ እስቲ አንዴ ዞር ይበሉልኝ" ትለኛለች። እዞራለሁ። የክፍል ኃላፊ ሆኜ፣ በገዛ ክፍሌ፣ ሴት ልብስ እስክትቀይር እንደሚጠብቅ ጨዋ ሰው ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ባጃጅ እቆጥራለሁ። ቀጭ ቀጭ አድርጋ "ይኸው" ትላለች።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች በዚያው ኮምፒውተር ሲሠሩ "ፈንታዬ!" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ማሽኑ እኔን ለይቶ የጠላኝ መሰለኝ። ይህንኑ መዝገብ ቤት ለሚሠሩት ለአቶ ሐሰን ባማርርላቸው፣ ወደ ጣሪያው እያዩ "ወላሂ፣ እሱስ ሰው ይለያል" አሉኝ። ከልባቸው ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ አርብ የሦስት ወር ሪፖርታችን በኢሜይል ለዞን መላክ ነበረበት። እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰ የወረዳው ስም ሰው በሞላበት ስብሰባ ይነበባል። ባለፈው ሩብ ዓመት ሲነበብ አጠገቤ የነበረው ሰው ወንበሩን ሸሸት ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ከተደገመ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚጠብቀኝ አለቃችን ነግሮኛል። ሪፖርቱ አልቋል። ኢሜይሉን ነካሁ። መስኮቷ መጣች። "ፈንታዬ!" አልኩ። መልስ የለም።

ለካስ ፈንታዬ አጎቷ አርፎ ሮቢት ለቅሶ ላይ ናት። የፈቀድኩላት እኔው ነኝ። የቀረውም ሠራተኛ ከምሳ በኋላ ሊያስተዛዝን ሄዷል።

ሐዘንተኛ ጋ ለፓስወርድ መደወል ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ቢሆንም ደወልኩ። "እግዜር ያጽናሽ" ካልኩ በኋላ ጉዳዬን ነገርኳት።

"መጥቼ ልክፈትልዎት" አለችኝ።

"የአጎትሽን ለቅሶ ጥለሽ? ዝም ብለሽ ንገሪኝ እንጂ።"

"በስልክ አይነገርም ጋሼ።"

"ማን ይሰማናል ብለሽ ነው?"

"አንቱ ይሰሙኛላ" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብዬ አመንኩ።

ሚኒባስ ይዤ ሮቢት ገባሁ። ለቅሶ ቤት ደርሶ ዘሎ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሰው የለምና፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ከንፈሬን መጠጥኩ፤ የቀረበልኝን ንፍሮ ቆረጠምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። የቢሯችን ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ወደ አቶ ሐሰን ጠጋ ብዬ "እባክዎ ፈንታዬን ይጥሩልኝ፣ ያ ፓስወርድ…" ስል፣ ከአግዳሚው ዳር እስከ ዳር አንገት ተደፋ። እንዲህ ያለ ሐዘን ለሟቹም አልታየ።

ፈንታዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። "በሞቴ ጋሼ፣ አብሬዎት ልሂድና ከፍቼው ልመለስ" አለች። ዘመዶቿ ምን ይሉኛል? እምቢ አልኩ። ፈንጠር ብላ ቆመች፣ አሰበች፣ በመጨረሻ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችና አራት ቦታ አጥፋ እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። "አደራ፣ ቆቦ ሳይደርሱ እንዳይከፍቱት።"

ሚኒባሱ ከሮቢት ሳይወጣ ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ የአማርኛ ቃል ነው፦ ይስተካከል።

ምኑ? ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ከጀርባው ምንም የለም። ሪፖርቱ ላይ ስሕተት አይታ ይሆን? ወይስ በሐዘኑ ግራ ተጋብታ ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ? ቢሮ ስገባ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። እንደገና ደወልኩ።

"ፈንታዬ፣ ወረቀቱ ይስተካከል ይላል።"

"አዎ ጋሼ።"

"ምኑ ነው የሚስተካከለው?"

"ምንም አይስተካከል። እሱ ነው።"

"እሱ ማን?"

"ፓስወርዱ።"

"ምን ዓይነት ፓስወርድ ነው ደግሞ? ሙሉጌታ ምን ማለቱ ነው?"

ከወዲያ የአልቃሾች ድምፅ ይሰማኛል።

"አንቱን ማለቱ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ስምዎት ነው። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንልዎት።"

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰ ወረቀት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ "ይስተካከል" ሳይባል አይመለስም ነበር። ሥራ መውደድ ይመስለኝ ነበር እኮ! ሙሉጌታ ለእህቱ ሠርግ ፈቃድ የጠየቀበትን ማመልከቻ ሦስት ጊዜ መልሼበታለሁ፤ አንዴ አራት ነጥብ ጎድሎት፣ አንዴ ቀኑ ያለ ቦታው ተጽፎ፣ የሦስተኛውን ረስቼዋለሁ። ፈንታዬ እንደነገረችኝ፣ ልጁ የደረሰው ለሠርጉ ሳይሆን ለመልሱ ነው። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለማሽኑ ነገረው።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጻፍኳቸው። ማሽኑ ወዲያው ተከፈተልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ማንነቴን ሲጠይቀኝ ከርሞ፣ ስሜን ስነግረው አስገባኝ። ሪፖርቱ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሄደ፤ ማስጠንቀቂያውም ቀረልኝ። እኔ ግን ቅዳሜንና እሑድን ጉንጩን በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆኜ ዋልኩ።

ማክሰኞ ፈንታዬ ጥቁር ለብሳ ገባች። እኔን ላለማየት የማታየው ግድግዳ አልነበረም። እንዳልተቀየምኳት ነገርኳት። ለሙሉጌታ ደብዳቤ ጻፊልኝ አልኳት፦ መጥቶ ያንን ፓስወርድ እንዲለውጥልን፣ ስለ እህቱ ሠርግም ከልቤ ይቅርታ እንደምጠይቀው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቁጭ ብላ ተየበችውና አምጥታ ሰጠችኝ።

ደብዳቤው ጥሩ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ ይህን ያህል አይጽፍልኝም። ነገር ግን "ይቅርታ" ከምትለው ቃል በኋላ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል፤ ቀኑም ከመስመሩ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ብሏል። ምን ላድርግ? እጄ ከእኔ ቀድማ ቀይ እስክሪብቶውን አነሳች። ዳር ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩና መለስኩላት።

ፈንታዬ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "ይሄ ትእዛዝዎት ነው ወይስ ፊርማዎት?"