የደካማው ሞተር ጠበቃ

በየቤቱ አንድ የተሸናፊ ጠበቃ አይጠፋም። ኳስ ሲያይ ለሚሸነፈው ይጮኻል፤ ገበያ ሲወጣ ሰው ዞር ብሎ ካላየው መደብ የጠወለገ ጎመን ታቅፎ ይመጣል። «ምነው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ታዲያ ይሄስ ማን አለው?»

የእኛ ቤቱ ክቡር ጠበቃ አማቼ፣ የልጄ ባል ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል፤ መሥሪያ ቤቱም ሳሎኑ ነው። ሽቦው እግር ይጠልፋል፤ የእኔ ወንበር ሳይቀር ስክሪን ተሸክሟል።

ያን ሰሞን እሱና ሸሪኩ ለክሊኒኮች የወረፋ ማስያዣ ይሠሩ ነበር። በሽተኛው ስክሪኑ ላይ ስሙን ጽፎ ቁልፍ ሲነካ ተራው ይወጣለታል። እኔ እንደገባኝ፣ ያን ገጽ ስክሪኑ ላይ የሚስለው ከውስጥ ያለ ሞተር ነው። ሞተሮቹ ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ለማንም ክፍት ናቸው፤ የፈለገ ውስጣቸውን ገልጦ ያያል፣ ያርማል፣ በነጻ። አንዱን ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ሌላውን ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከሥራ መልስ ይጠጋግኑታል። አማቼ የቱን እንደወደደ መናገር አያሻኝም።

«ስማ ወንድሜ፣» አለው ሸሪኩ፣ የክሊኒኮቹ ኃላፊ ልትመጣ ስትል። «ዛሬ ካልወደደችው መዝጋታችን ነው። በትልቁ እናሳያት።»

«ሁሉም ወደ ትልቁ ከሮጠ ነገ ምርጫ የሚባል አይኖርም። ታዲያ ይሄስ ማን አለው?»

«አንተ አለኸዋ!» አለች ልጄ ከጓዳ። «ሚስትህስ ማን አላት?»

ሴትዮዋ መጣች። እኔ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ገጹ በትንሹ ሞተር ተከፈተ፤ ቁልፉ ግን ከአንድ ሥዕል ሥር ተወሽቋል። ነካች። ምንም። ደግማ ነካች።

«እዚህ ጋ ትንሽ የሚስተካከል ነገር…» አለ አማቼ ላቡን እየጠረገ።

«ከዚህ ስክሪን ፊት የምትቆመው እኮ ትኩሳት የያዘው ሕፃን የታቀፈች እናት ናት፣» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ሸሪኩ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። ቤቱ ጭር ስላለ እኔም ሰማሁት። «ታዲያ እሷስ ማን አላት?»

አማቼ ፊቱ ልውጥ አለ። ሸሪኩ በትልቁ ሞተር ያዘጋጀውን ሌላውን ስክሪን በገዛ እጁ ጎትቶ አቀረበ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ የሚሠራው ይሄኛው ነው።» ነካች፤ ተራው ዱብ አለ። ቦርሳው ተመልሶ ተቀመጠ።

ሸሪኩ ሲያቅፈው እሱ ሰው የከዳ ይመስል አንገቱን ደፋ። እስከ ዛሬም በትርፍ ሰዓቱ ያን የተወሸቀ ቁልፍ ሊያወጣ ይታገላል። ስልኬ ላይም ያንኑ ትንሹን ሞተር ጭኖልኛል። ጽሑፉ እየተደራረበብኝ አንገቴን አጣምሜ አነባለሁ።

«እማማ፣ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ጥርት ያለ!»

ምን ላድርግ? ባሌ የሞተ ጊዜ ልጆቼ «እማዬ ማን ጋ ትሁን?» ሲባባሉ፣ የአንዱ ቤት ጠበበ፣ የአንዷ ሥራ በዛ። የአማቼ ሚስት እንኳ ባሏን ሰረቅ አድርጋ አይታ አቀረቀረች። እኔ ጉልበቴ የከዳኝ፣ ወሬዬ የማያልቅ፣ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ የነበረው አማቼ ብድግ አለ። ምን ብሎ እንደተነሳ እናንተም ታውቁታላችሁ።