ስስታም ያጣ በር

ለበጎ ያድርገውና፣ ትናንት ከምሳ በኋላ ትርንጎ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋትና ሕልም አየች። ምን ዓይነት ሕልም! ጤነኛ ሰው በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ ነገር ያያል?

እርግጥ ሴትየዋ ደክሟታል። የጫጩት መፈልፈያ ማሽኗ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች የራሷ አይደሉም፤ የሰፈሩ ሴቶች ዶሮዎቻቸው ከጣሉት እየመረጡ ያመጡላት አደራ ናቸው። ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የማሽኑ አምፖል ከጠዋት ጀምሮ እየፈዘዘ መጣ። አሁን ችግሩ ከየት ነው? የመስመሩ ኃይል ወርዶ ከሆነ እንቁላሎቹን በሌላ መስመር ወዳለ ጎረቤት ማሻገር ነው። ማሽኑ ታሞ ከሆነ ደግሞ ማስጠገን። ያለቦታው ከተነካኩ ማለቃቸው ነው። ስለዚህ የቀረው ቮልቱን መለካት ብቻ ነበር። የእህቷ ባል ደርቤ፣ መብራት ሠሪ ነኝ ባዩ፣ «አሁን መለኪያውን ይዤ ከች እላለሁ» ብሎ ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። እሱን ስትጠብቅ ነው እንቅልፍ የጣላት።

በሕልሟ እንቁላሎቹ ከማሽኑ ወጥተው ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እሷን በብብቷ አንጠልጥለው በአምፖል ፊት ያገላብጧታል፤ እሷ ዘወትር እነሱን እንደምታገላብጠው።

«ይቺ ሕይወት አላት?» አለ አንዱ።

«አይመስለኝም። ለጥብስ አስቀምጧት።»

«ኧረ እናንተ! ይልቅ ቮልቱ ስንት ነው?» ብላ ጮኸች።

«እኛን ምን ትጨቀጭቂናለሽ? ግቢና ጠይቂ!» አሏትና በመለኪያው ቀይ ቀዳዳ ወርውረው ከተቷት።

ውስጡ ሰፊ ግቢ ነው። በሩ ላይ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ወፍራም ሽማግሌ ቆመዋል፤ ሬዚስተር ናቸው፣ ኤሌክትሪክን የሚገታው ዕቃ። እንዴት አወቀች ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ሕልም ነው። ጋሽ ይርዳው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው በመስመሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ሁሉ እጅ እጁን እየሳቡ ያስገባሉ።

«ግቡ እንጂ! ቤት ለእንግዳ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ ለመለካት ያህል ነው የመጣነው» ይላል ኤሌክትሪኩ እየተግደረደረ።

«በሞቴ! ደጄ ደርሳችሁማ አትመለሱም!»

ከዚያ በኋላ ማን ይመለስ? ይግተለተላል። በገባ ቁጥር በመስኮቱ ማዶ የማሽኗ አምፖል ይብስ ይደበዝዛል። ትርንጎ ደሟ ፈላ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? እንቁላሎቼ በብርድ አለቁ እኮ!»

«ታዲያ እንግዳ ልመልስ? በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነውር የለም፣ ልጄ።»

ትታቸው ወደ ውስጥ ሮጠች። መንገዱ ደረጃ ነው። በየደረጃው የጋሽ ይርዳው ወንድሞች መቆም ነበረባቸው፤ ከእንግዶቹ ጋር ክብ ሠርተው ተቀምጠው ወሬ ይጠርቃሉ። ከደረጃው ማብቂያ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቁጥር ጠሪዋ ወይዘሪት ሸዋዬ የኤሌክትሪኩን ጎርፍ ሸሽታ ጠረጴዛ ላይ ወጥታለች። በእጇ አንዲት የሚዛን ድንጋይ ይዛለች።

«አንቺ ነሽ ቮልቱን የምትጠሪው? ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ትርንጎ።

«ምኑን ልጥራ? ይቺን ልኳ የታወቀ ድንጋይ የመለኪያው ባትሪ ሰጥቶኛል። የሚደርሰኝን ግፊት ከሷ ጋር እያስተያየሁ፣ ይበልጣል ያንሳል እያልኩ መጥራት ነው ሥራዬ። እነዚያ ወንድማማቾች ግፊቱን በየደረጃው ተሸክመው ከመቶ አንዷን ብቻ ለእኔ ማውረድ ነበረባቸው፤ እኔ በመቶ አባዝቼ እጠራት ነበር። አየሻቸው አይደል ሲጫወቱ?»

«በሩስ?»

«እሱማ ዋናው ነው! የምንለካው እኮ እንግዳውን አይደለም፣ ግፊቱን ነው። የተዘጋ በር ሲገፋ ምን ያህል እንደተገፋ ይታወቃል። የተከፈተ በር ማን ይገፋል? ሁሉም ዘው ይላል፣ መስመሩ ይራቆታል፣ እኔም የምጠራው ውሸት ይሆናል። እዚያ በር ላይ ጠብታ እንኳ ሲያሳልፍ አንጀቱ የሚያር ቆንቋና ነበር የሚያስፈልገን። የደረሰን ደግ ሰው ነው። ምን ይሻላል?»

ትርንጎ ተመልሳ ጋሽ ይርዳው እግር ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ስስታም ይሁኑልኝ!»

«ምን አልሽ?»

«ንፉግ! ቋጣሪ! ለአንድ አፍታ ብቻ!»

«በስተርጅና? ሰው ምን ይለኛል?» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እሺ፣ ሌላውን ልከልክል። ያቺን ቀጭኗን ግን ላስገባት፣ ከሩቅ ነው የመጣችው።»

«ማንንም!»

አየች አየችና፣ ከሽማግሌው ጋር እስክትከራከር እንቁላሎቹ እንደሚያልቁ ገባት። ገፈተረቻቸውና በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው። ከውጭ ድብደባው ቀለጠ።

«ክፈቺ፣ አንቺ ስግብግብ! እንዲህም አድርጎ ሰው አለ?»

በዕድሜዋ እንደዚያ ተሰድባ አታውቅም፤ ደስ አላት። ወንድማማቾቹም አፍረው ተነሱና በየደረጃቸው ቆሙ። ጎርፉ ጎደለ። ሸዋዬ ከጠረጴዛው ወርዳ ድንጋይዋን አነሳች።

«ይበልጣል... ያንሳል... ይበልጣል... ትርንጎ፣ ጆሮሽን ስጪኝ! ቮልቱ መቶ...»

«መቶ ስንት?»

ድው!

ዓይኗን ስትገልጥ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። የማሽኑ አምፖል ድርግም ብሏል። ደርቤ ግድግዳው ሥር በቂጡ ተቀምጧል፤ ቅንድቡ የለም። መለኪያው በእጁ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከውጭ ጎረቤቶች «መብራት ሄደ!» እየተባባሉ ይጯጯኻሉ።

«ምን አደረግህ?»

«ለካሁልሽ፣ እትዬ ትርንጎ። ደክሞሻል ብዬ አልቀሰቀስኩሽም።»

ጉደኛ! ቀዩን ሽቦ የሰካው በቮልቱ ሳይሆን በአምፔሩ ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ ደግሞ የሚገታ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ የመጣለትን ሁሉ እንዳለ ያሳልፋል። በእሱ አድርጎ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት መለካት ሁለቱን ሽቦ በእጅ ይዞ ማገናኘት ነው።

«እሺ፣ ስንት ነው ታዲያ ቮልቱ?»

ደርቤ ቀና ብሎ የጠፋውን አምፖል አየ።

«ዜሮ ነው። እኔማ ከጠዋቱም ጠርጥሬ ነበር።»

ትርንጎ የማሽኑን ክዳን ከፍታ መዳፏን እንቁላሎቹ ላይ አሳረፈች። ሙቀቱ ገና አልለቀቃቸውም፤ ግን መልቀቅ ጀምሯል። የሰው አደራ! ዞር ብላ ደርቤን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ወፍራም ነው፣ ትኩስ ነው፣ ሥራም የለው።

«ሸሚዝህን አውልቅና አልጋው ላይ ተንጋለል።»

«ለምን?»

«ተንጋለል አልኩህ!»

ተንጋለለ። እንቁላሎቹን እያነሳች በብብቱ፣ በአንገቱ ሥር፣ በሆዱ ዙሪያ ደረደረችና ጋቢ ደረበችበት። ደርቤ ትንፋሹን ውጦ ጣሪያውን አየ።

«እትዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ?»

«እስኪፈለፈሉ።»