ያኛው ይሻላል

ወረፋ ባለበት ሁሉ አንድ አዋቂ አለ። ዳቦ ቤት ይሁን ሆስፒታል ወይም መንጃ ፈቃድ ማደሻ፣ ሰው ተራ ይዞ በቆመበት ቦታ፣ ከፊትህ ወይም ከኋላህ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚመልስ ሰው ተመድቧል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም። ቀርቶ ግን አያውቅም።

የእኛ ወረፋ የአካል ጉዳት ክፍያ የሚወሰንበት ቢሮ ነው። የእኛ አዋቂ ደግሞ ጋሼ ያኛው ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያውቅ የለም። ይኸኛው ስም የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ጉዳት ለደረሰበት ሰው ሁለት ዓይነት ክፍያ አለው። አንደኛው የጉዳት ጡረታ ነው፤ ሠርቶ መዋጮ ለከፈለ ሰው በደመወዙ ልክ ይታሰብለታል። ሁለተኛው የኑሮ ድጎማ ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው፣ ከጡረታው ያንሳል፣ ነፃ ሕክምና ግን አብሮት ይሰጣል። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ጡረታውን ጠይቄአለሁ ካልካቸው ጋሼ ያኛው ክራንቻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ያኛው ይሻላል» ይሉሃል። ድጎማውን ጠይቄአለሁ ካልካቸውም አንገታቸውን በዚያው ልክ ሰበር አድርገው «ያኛው ይሻላል።»

የክቡርነታቸው ምርምር በክፍያ ብቻ አይወሰንም። መስኮቶቹን አወዳድረው ጨርሰዋል። «ሁለት ቁጥር ላይ ያለችው ትቆጣለች፣ ግን ትሠራለች። ሦስት ቁጥር ላይ ያለው ‹የኔ ጌታ› እያለ ይስቅልሃል፤ ፋይልህን ግን እሱም አያገኘው፣ አንተም አታገኘው።» የግድግዳውን ጥግና የመስኮቱን ዳር አወዳድረዋል፤ ሽንት ቤቶቹንም እንደዚሁ። ጉዳቶችንም ያለ አንዳች ይሉኝታ ያወዳድራሉ። ወገቡን ይዞ እየተንፏቀቀ የገባ አንድ የመጋዘን ጫኝ ነበር።

«ምንህን ነው ወንድሜ?»

«ጀርባዬን።»

«አይ! ጀርባ! ጀርባህን ማን ያይልሃል? እግር ይሻልህ ነበር።»

ጫኙ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ጀርባውን አመመው።

እሳቸው እግር ናቸው። ሊፍት ጠጋኝ ነበሩ፤ ከሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ግራ እግራቸው ከጉልበቱ በታች አልታዘዝ ብሏቸው ቀረ። ቢሮው ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የቢሮው ሊፍት ደግሞ አይሠራም። መራመድ ላቃተው ሰው ይህን ሁሉ ደረጃ ማን እንዳሰበለት አይታወቅም። ጋሼ ያኛው እያረፉ ይወጡታል። ከሊፍቱ በር ሲደርሱ በክራንቹ ጫፍ ኳ ኳ ያደርጉና «የተበላሸው ገመዱ አይደለም፤ የበሩ መቆለፊያ ነው» ይላሉ። የሚሰማቸው የለም፤ ሁሉም ጆሮው ያለው ስም በሚጠራበት በር ላይ ነው።

አዋቂነታቸው ሁሌም እውቀት አለው ማለት አይደለም። ለአንዲት ሹራብ ሠሪ፣ ድጎማ ጠያቂ ቤቱ ድረስ እንደሚጎበኝ ነገሯት፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ቀጠሉና ሁለት ማንቆርቆሪያ የተገኘበት ቤት እንደሚሰረዝ ነገሯት። ሴትዮዋ አንዱን ማንቆርቆሪያ ለጎረቤት በአደራ ሰጠች። እንዲህ ያለ ደንብ ኖሮ አያውቅም፤ ማንቆርቆሪያውም አልተመለሰም። ልትወቅሳቸው ብትመጣ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ሁለት ማንቆርቆሪያ ምን ያደርግልሻል ልጄ? አንዱ ይሻላል።»

እንግዲህ በእህቴ እጅ ላይ የወደቀው የእኚህ ሰው ምክር ነው።

እህቴ ላውንደሪ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ የሆቴል አንሶላ የምትተኩስ። ማሽኑ አንድ ቀን አንሶላውን ከነቀኝ እጇ ጎተተው። ቆዳው ዳነ፤ ሦስቱ ጣቶች ግን አይታጠፉም። ሐኪሙ የነገራት አጭር ነው፦ ጣቶቹን የሚያፍታታው ሕክምና አሁን ካልቀጠለ እጁ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል። ሕክምናው ውድ ነው። የላውንደሪው ባለቤት ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተክቷል። በዚህ ላይ የሐኪሞች ቦርድ አለ። ቦርዱ «ሥራ ትችላለች» ካለ ጡረታውም ድጎማውም ይቀራል።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ መጠየቅ እንጀራዬ ነው። የቱ እንደሚሻላት ለማወቅ ሦስት ኃላፊዎች ጋ ደወልኩ። አንዱ ጡረታው አለኝ። አንዱ ድጎማው አለኝ። ሦስተኛው ስልኩን ማን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ።

«ለሰው ሁሉ ታወራለህ» አለችኝ እህቴ። «ለእኔ የቱ እንደሚሻል መናገር አቃተህ?»

አቃተኝ። በመጨረሻ ለሕክምናው ሲባል ድጎማው ይሁን ተባባልን፤ ተባባልን እንጂ ሁለታችንም አላመንንም። ቦርድ የምትቀርብበት ቀን ጠዋት አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ የታመመውን እጇን በሻሽዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ የሰው ዕቃ ይመስል። በሩ ሲንቋረር ወንበሩ ሙሉ ሰው ይደነግጣል። ስሙ ያልተጠራ ትንፋሹን ይለቃል። ስሙ የተጠራ ደግሞ ክራንቹን፣ ዊልቸሩን፣ ልጁን እየፈለገ ይርበተበታል።

ጋሼ ያኛው ተንፏቀው አጠገባችን ደረሱ።

«ምንሽን ነው እህት ዓለም?»

«እጄን።»

«ቀኙን?»

«ቀኙን።»

«እሱ ይሻላል።» ከግራው ማለታቸው ነው፤ ለቦርዱ። እህቴ ሳቀች። እኔ ልጣላቸው ነበር።

«የቱን ጠየቅሽ ታዲያ?»

«ድጎማውን።»

«ያኛው—»

«ጋሼ፣ እባክዎ!» አልኩ። «አሁን ልትጠራ ነው። አያደናግሯት።»

አዩኝ። ወረፋ ላይ የማይሰማ ወሬ የለም። «ጋዜጠኛው ወንድሟ አንተ ነህ? መልካም። እስቲ ጠይቃት፤ ሐኪሞቹ እንደሚጠይቋት አድርገህ።»

«ምን ብዬ?»

«ሰው ከሰው ሲገናኝ ምን ይላል? እንዴት ነሽ በላት።»

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«ወደቅሽ!» አሉ ጋሼ ያኛው።

ወንበሩ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። «ምን አጠፋሁ?» አለች እህቴ።

«ደህና ከሆንሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ? እዚያ ውስጥ ሰላምታ የለም ልጄ። የሚጠየቀው ሁሉ ምርመራ ነው። ጨዋነትሽን ለወንድምሽ አስይዥው፤ ስትወጪ ይመልስልሻል። ቀጥል አንተ! ልብስ ማን ያጥብልሻል በላት።»

«ራሴ ነኛ» አለች፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «ለማን ልሰጠው ኖሯል?»

«ወደቅሽ።»

«በግራ እጄ እኮ ነው። ሲጨመቅ ጫፉን በጥርሴ ይዤ።»

«እና እሱን አትይም? በጥርሴ በያቸው! ጥርስ ይሻላል።» ጫኙ ከወንበሩ ጥግ «ልክ ናቸው፣ በጥርሴ በያቸው» አለ። «ሕመሙስ?» አሉ ጋሼ ያኛው። «ማታ ማታ?»

«ኧረ እሱን እንኳ እችለዋለሁ።»

ይህን ጊዜ «ወደቅሽ» አላሉም። ክራንቻቸውን አንስተው መልሰው አስደገፉት።

«ይህችን ቃል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከዚያ በር ወዲያ ይዘሻት እንዳትገቢ። አንቺ እችለዋለሁ ስትይ፣ ጥርሴን ነክሼ አሳልፈዋለሁ ማለትሽ ነው። ጸሐፊው የሚጽፈው ግን ‹ትችላለች› ብሎ ነው። ምኑን ትችላለች? እሱን አይጽፍም። ትችላለች፣ አራት ነጥብ። ገባሽ?»

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ሰው።»

እናታችን ልጆቿን ማሞገሻ አንድ ቃል ብቻ ነበራት፤ «ቻይ» የሚል። ያን ቃል አብዝታ የወሰደችው እህቴ ናት። የልጅነት ወባዋን ችላዋለች፤ የባሏን መሄድም፣ የላውንደሪውን እንፋሎትም። አሁን አንድ ክራንች የያዘ ሰው መጥቶ ያንን ቃል በር ላይ አራግፈሽ ግቢ ይላታል። ፊቷን አየሁት፤ እንደማትችል አወቅሁ። ማለቴ፣ አልችልም ማለት እንደማትችል።

ስሟ ተጠራ። አስታማሚ ተብዬ አብሬ ገባሁ።

ሦስት ሐኪሞችና አንድ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። የሚጠይቀው መካከለኛው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ፊቱ ደግ የሆነ ሰው። ችግሩም ይኸው ነበር። ለደግ ሰው ሁላችንም ደህና ነን።

«እንዴት ነሽ እህቴ?»

በግራ እጇ ሻሹን አጠበቀች። ሰላምታ አለመመለሷ ከስድብ በላይ ያሳፍር ነበር። «አሞኛል» አለች በመጨረሻ።

እጇን አገላብጠው አዩ። ጣቶቿን ሊያጥፉ ሞከሩ። ስለ ቤት ሥራ ጠየቋት፤ «በጥርሴ» ስትል መካከለኛው ሐኪም መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ይኼን ጊዜ ጥሩ እየሄደ መስሎኝ ነበር።

«ሕመሙንስ ትችይዋለሽ?»

«እ…» አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። በ«እ» የምትጀምረውን ቃል እኔም አውቃታለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአፏ ስሰማት ኖሬአለሁ። በእግሬ ልነካት ፈለግሁ፤ ጠረጴዛው ገላጣ ነው፣ ያዩኛል።

«እ… አልችለውም» አለች እህቴ። «አልቻልኩትም።» እጇ የሰው ኪስ ውስጥ የተያዘ ይመስል አንገቷን ደፋች።

ውጡና ጠብቁ ተባልን። ስንወጣ ጋሼ ያኛው ምንም አልጠየቁንም። ይህ ደግሞ በጣም አስፈራኝ። እህቴ ሻሹን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ከብዙ የበር መንቋረር በኋላ ጸሐፊው ራሱ ብቅ አለ።

«ቦርዱ አትችልም ብሏል። ድጎማው ከነሕክምናው ተፈቅዶልሻል። ከነገ ጀምሮ ጣትሽን ማሳየት ትችያለሽ።»

«አትችልም» ብላ ደገመችው እህቴ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ሳይለይላት። ጫኙ «እሰይ!» አለ። ጋሼ ያኛው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ተመስገን! እንኳን ደስ አለሽ ልጄ!» ከዚያ እጃቸውን አወረዱ። «ድጎማው ነው አይደል የተፈቀደልሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ያኛው ይሻል ነበር።»

ጸሐፊው ሊመለስ ሲል አያቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎ ይግባኝ ማክሰኞ ይታያል። ብቻ ያለፈውን ጊዜ እንዳይደግሙት።»

«ያለፈውን ጊዜ ምን ብለው ነበር?» አልኩት።

«አልነገሩህም? ‹ሕመሙን ይችሉታል?› ሲባሉ፣ ‹እችለዋለሁ፤ ወንድ አይደለሁ እንዴ!› ብለው ደረታቸውን መቱ። ይችላል ተብሎ ተዘጋ።» በሩን ዘግቶ ገባ።

ጋሼ ያኛው ጣራውን ያያሉ። ሁለቱን ክፍያዎች ለዓመታት ያወዳደሩት ሰው አንዱንም ቀምሰው አያውቁም። ወንበር ያሞቁት፣ ደረጃ እያረፉ የወጡት፣ የሰውን ሁሉ ምላስ ሲያርሙ የዋሉት ባዶ ኪሳቸውን ይዘው ነው። ‹ሰው› ያሉት ሰው ራሳቸው ናቸው።

ልንሄድ ይገባ ነበር። እኔ ከሰዓት በፊት የሚደርስ ጽሑፍ ነበረኝ፤ አርታዒዬ ሁለቴ ደውሏል። እህቴ ግን ከፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር በግራ እጇ ጎትታ ተቀመጠች። ስልኬን ዘጋሁና እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ማክሰኞ አብረንዎት እንመጣለን» አለች። «አሁን ግን እኔ ልጠይቅዎት። ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እናንተ—»

«ወደቁ!» አለ ወንበሩ ሁሉ ባንድ አፍ።

«ኧረ ሳላስበው ነው!»

«ደረጃውን እንዴት ወጡት?»

«ምን አለበት፣ እያረፍኩ ነዋ፣ ቀስ እያልኩ—»

«ወደቁ!» ጫኙ ጀርባውን ይዞ ይስቃል።

እህቴ አልሳቀችም። ወደ እሳቸው ጎንበስ አለች። «ሕመሙንስ ጋሼ? ይችሉታል?»

እጃቸው ሳያውቁት ወደ ጉልበታቸው ወርዶ እያሸው ነበር። ስም በሚጠራበት በር ላይ የነበረው ጆሮ ሁሉ አሁን እሳቸው ላይ ነው። የቆመውን ሊፍት አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያኛውን ጥያቄ ጠይቂኝ። ያኛው ይሻላል።»