እንዶድ ያጠቆረው መጽሐፍ

ፈረንጅ ነጭ አያውቅም! አትቆጡ፣ ማስረጃ አለኝ። ሞላሌ ገበያ አመድማ በግ ነድቶ «ነጭ ነው» የሚል ቢመጣ በሳቅ ተሸኝቶ ይገባል። ፈረንጅ ግን አመድማ ገጽ ሠርቶ «ወረቀት ነው» ብሎ ይሸጣል... ደግሞ ይገዙታል!

ከገዙት አንዷ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት። መጽሐፍ የሚያስነብብ ጠፍጣፋ መሣሪያ፣ የማኅበራችንን ድርሳን ጭናበት ላከችልኝ። ከፈትኩት። ገጹ አመድ፣ ፊደሉ ጭስ! ደወልኩላት።

«ይኼ ነገር ቆሽሿል።»

«አልቆሸሸም አባባ፤ ወረቀት እንዲመስል ተብሎ ነው።»

«የምን ወረቀት? የስኳር መጠቅለያ?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ማኅበሩ የሚጠጣው እኔ ቤት ነው፤ ድርሳኑን የማነበውም እኔ። የወረቀቱን «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ራቤል ከተማ ላለ ሰው አውሼዋለሁ... ጉራ! ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ጎረቤቴ ግዛው ጠላ በቀመሰ ቁጥር «ሸምድዶ ነው እንጂ እሱ ያነባል እንዴ!» ይላል። ብንተባተብለት ሠርግና ምላሹ ነው።

ጠዋት ከበረት ስመለስ ባለቤቴ መሣሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ትፈትጋለች።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቆሽሿል አላልክም? በእንዶድ ነካ ነካ አደረግሁት።»

«ነጠላ አደረግሽው?»

«ነጠላማ ቢሆን ይነጣ ነበር!» ብላ ወደኔ አዞረችው። ከሰል! ጣቷ ምኑን እንደነካ እንጃ፣ ገጹ ጠቁሮ ፊደሉ ነጥቷል። እንዶድ የሚያጠቁረው እኔ ቤት ብቻ!

ልጮህ አፌን ስከፍት... ዓይኔ ፊደሉ ላይ አረፈ። ነጭ በጥቁር። የመሠረተ ትምህርቱ ሰሌዳ! ጠመኔው! ሳልደናቀፍ አንብቤ ወረድኩት። እናንተ በልጅነታችሁ ከነጭ ወረቀት ተማራችሁ፤ እኛን ግን ዕድሜያችንን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠውን፣ ፊደሉንም ከዚያው ከጥቁሩ ላይ ነው የለቀምነው።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ግዛው መሣሪያውን አየና፣ «ምነው መጽሐፍህ ከል ለበሰ? ማን ሞተበት?»

«ሐሜትህ። ገጹን ራስህ ምረጥ!»

ጣቱን ሰድዶ አገላበጠ። እሱ ያቆመበትን አንበለበልኩለት። ሌላም መረጠ፣ እሱንም። ግዛው ዋንጫውን ጨለጠና፣ «ጠላው ዘንድሮ ቀጥኗል» አለ።

ልጄ ደወለች። ፊደሉ ጠርቶልኝ ድርሳኑን እንዳነበብኩ ነገርኳት። «አባባ፣ ገጹን እንዴት አስተካከሉት?»

«በእንዶድ!»